ከአምስቱ አንዱ ሲኒ

«ቡና እየጠጣሽ ነው ደሞዝ የሚከፈልሽ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። አይፈረድባቸውም። በማንኪያ ቡና መማግ፣ አፍ ውስጥ ማንሸራሸር፣ መትፋት፣ ቁጥር መጻፍ፣ ወደሚቀጥለው ሲኒ ማለፍ። ከሩቅ ለሚያይ ሥራ አይመስልም። ግን ሥራ ነው፤ ያውም ብዙ ገንዘብ የተንጠለጠለበት። እንግሊዝ አገር ኮስታ የተባለው የቡና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የዋና ቀማሹን የጄናሮ ፔሊቻን ምላስ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ኢንሹራንስ አስገብቶለታል። ኢንሹራንሱን የሰጠው የለንደኑ ሎይድስ ነው። ለአንድ ሰው ምላስ ይህን ያህል ገንዘብ! እኔ ግን ሳነበው አልገረመኝም። ቀማሽ ሲሳሳት ኮንቴይነር ሙሉ ቡና ይበላሻል።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው። ያስተማሩኝን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በቡና የጨረሱ፣ ከአሁኑ ባለቤት አባት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። ጠዋት ስንገባ ከቡናው በፊት እኛን ያሸቱናል። ሽቶ የተቀባ አይቀምስም። ነጭ ሽንኩርት የበላ፣ ሲጋራ ያጨሰ አይቀምስም። ሊፒስቲክም ክልክል ነው። እኛ ቤት ደግሞ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። ስለዚህ የሥራ ልብሴን ጭስ በማይደርስበት ክፍል ነው የምሰቅለው።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይዘጋጃል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና፣ ስልሳ ገደማ ፍሬ መሆኑ ነው። የአምስቱም ሲኒ ቡና ለየብቻው ይመዘናል፣ ለየብቻው ይፈጫል። አንድ ላይ ፈጭቶ ማካፈል የሚቀል ይመስላል። ግን አንዲት የተበላሸች ፍሬ ካለች አምስቱም ሲኒ ውስጥ ተበትና ትደበቃለች። ለየብቻው ሲፈጭ መግቢያ የላትም፤ ያለችበትን ሲኒ ትበክልና ትጋለጣለች። ከዚያ 93 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ይጨመርበታል። አራት ደቂቃ ይጠበቃል። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቡና አፍንጫን አስጠግቶ በማንኪያ መስበር ነው። ብዙ ምስጢር የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ድምፅ እያሰማን የምንምገውም ለልማድ አይደለም። ቡናው ከአየር ጋር ተረጭቶ ምላስን ሁሉ እንዲያዳርስ፣ ሽታውም በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው። የምንተፋው ደግሞ ያን ሁሉ ቡና ብንውጠው ከሰዓት በኋላ እጃችን ተንቀጥቅጦ መጻፍ ስለሚያቅተን ነው።

ሁለት ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ናሙናው ላይ ኮድ እንጂ ስም አይጻፍም፤ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ቀማሹ አያውቅም። ሁሉም ቁጥሩን ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ደግሞ ማንም አይናገርም። ፊት ማጨማደድ ራሱ አይፈቀድም። አንዱ ፊቱን ካጨማደደ የሌላው ምላስ ይከተለዋል።

የዚያን ዕለት ከቀረቡት ናሙናዎች አንዱ ገና ሲፈጭ ክፍሉን በአበባ ሽታ ሞላው። የታጠበ ይርጋጨፌ እንደሆነ ኮዱን ሳንፈታም ማንም ቀማሽ ይጠረጥራል። የመጀመሪያው ሲኒ አበባና ሎሚ፣ መጨረሻው ላይ ማር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም እንደዚያው። አምስተኛውን ስሰብር ግን የነዳጅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ስምገው ብሶ መጣ። ቀና ብዬ ሰው ማየት አማረኝ፤ አላየሁም። ቅጹ ላይ አምስተኛው ሲኒ መበከሉን ጻፍኩና አለፍኩ።

ወረቀቶቹ ሲገጣጠሙ ጋሼም ያንኑ ጽፈዋል። ሦስተኛው ባልደረባችን ግን ለናሙናው ከመቶ 86 ሰጥቶታል። ያኔ በምንሠራበት ቅጽ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ይባላል፤ 86 ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ቁጥር ነው። «ሲኒው በደንብ ያልታጠበ ይሆናል» አለ ልጁ። ሊሆን ይችላል። ጋሼም አልተቆጡትም። ሲኒዎቹ በፈላ ውኃ ታጠቡ፣ ወፍጮው ተጠረገ፣ ቡናው እንደገና ተቆላ። በማግሥቱ በአምስት ፋንታ አሥር ሲኒ ተደረደረ። ሁለቱ ላይ ያው ሽታ ወጣ። በዚህኛው ዙር ልጁም በራሱ እጅ ጽፎታል።

ኮዱ ሲፈታ ሁላችንም ዝም አልን። ቡናው የቤቱ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የሆኑ አቅራቢ ያመጡት ነው። ቀድሞ የተላከው ናሙና ንጹሕ ስለነበር አውሮፓ ያለው ገዢ ቀምሶ ወዶታል። ውሉ ተፈርሟል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር፣ 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ። መርከቡ ጅቡቲ የሚደርስበት ቀን ታውቋል።

ባለቤቱ ራሱ ወደ ቅምሻ ክፍሉ ወረደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭንቀቱም እውነተኛ ነበር። ባንክ አለበት፣ ቀነ ገደብ አለበት። «ጋሼ፣ ከአምስት አንድ ሲኒ እኮ ነው። ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ይጠፋል» አላቸው።

«ልጄ፣ ያቺን ሲኒ የሚጠጣት ሰው አራቱን አያገኛቸውም» አሉት።

«እሺ እንዲህ እናድርግ» አለ ሌላ ሰው፣ ከሽያጭ ክፍል። «ይህን ለአገር ውስጥ እንሽጠውና ሌላ እንግዛ።»

ጋሼ ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ነው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ነዳጅ የነካው ቡና ለፈረንጅ ካልሆነ ለእናትህ ይሆናል?» ብቻ ነው ያሉት። ለውጭ ያልበቃ ቡና አገር ውስጥ መሸጡ የተለመደ ነው። ፍሬው አነስ ስላለ፣ መልኩ ስላላማረ፣ ጣዕሙ ደረጃውን ስላልሞላ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሁላችንም ቤታችን የምንጠጣው እሱን ነው። ነዳጅ ግን የደረጃ ጉዳይ አይደለም። ይህንን ለያይቶ የማይናገር ቀማሽ ደሞዙን በነፃ ነው የሚበላው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሥራዬ ስጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው፦ የሚከፈለኝ ስለምቀምስ ብቻ አይደለም፤ የቀመስኩትን፣ ሰው መስማት በማይፈልግበት ሰዓት ጭምር ስለምናገር ነው።

ጥሬ ቡና ሽታ መሳቡን ማንም የቡና ሰው ያውቃል። አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠጣል፦ ጭስ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ የጆንያ ዘይት። ጋሼ ሁሌም የሚያነሱት የጃፓንን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ውስጥ ከእኛ አገር በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ የነበረች አገር በአንድ ጊዜ ፊቷን አዞረች። ያኔ ጥርጣሬው ያረፈው ገበሬው ማሳ ላይ አልነበረም፤ ቡናው የተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ገበሬው ያላደረገውን ዕዳ ተሸከመ። ይህ ነገር እኔንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ሁሉ ወር ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጠ አድርቆ የሰጠው ቡና መንገድ ላይ በሰው ግዴለሽነት ሲበላሽ፣ ስሙ የሚጠፋው የእሱና የአካባቢው ነው።

«ሂጂና መጋዘን ገብተሽ አጣሪ» አሉኝ ጋሼ። ጆንያ እየወጋን፣ በእጃችን እያፈስን፣ እያሸተትን ሄድን። የላይኛዎቹ ንጹሕ ናቸው። መካከሉም ደህና ነው። ክምሩ ትልቅ ስለሆነ እስከ መጨረሻው መውረድ ቀላል አልነበረም። መፍትሔውን ያገኘነው ከአንድ ጫኝና አውራጅ ነው። የምንፈልገውን ስነግረው ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርጋትን ጨርቅ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይህንን አሽቺው እስኪ። ያን መኪና ካራገፍን ወዲህ ባጥበው ባጥበው አልለቅ ብሎኛል።»

ናፍጣ ነው። ምንም አያጠራጥርም።

ጫኙ ልጅ የትኛውን ጆንያ የት እንዳስቀመጠ ያስታውሳል። ከመኪናው መጨረሻ ላይ የወረዱት፣ ማለትም የመኪናው ወለል ላይ ተነጥፈው የመጡት፣ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነበሩ። አሥራ አንድ ጆንያ ሆኑ። ከእነሱም የተነካው ወለሉ ላይ ያረፈው ጎን ብቻ ነበር። ከአምስቱ ሲኒ በአንዱ ብቻ የወጣው ለዚህ ነው። በኋላ የመኪናው ረዳት ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ። ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ የሚያፈስ የናፍጣ በርሜል ጭነው ነበር። ላዩ ላይ ሸራ አነጠፉበትና ቡናውን ጫኑ።

አቅራቢው ሲደወልላቸው ተናደዱ። «ስንት ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ ቡናዬ ሸተተ ትሉኛላችሁ?» ብለው ተነሥተው መጡ። ጋሼ አልተከራከሩም። አሥር ሲኒ አስደረደሩላቸው፣ ማንኪያ ሰጧቸው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲገዙና ሲሸጡ ኖረዋል፤ በዚህ መልክ ቀምሰው ግን አያውቁም። አንድ በአንድ እያሸተቱ ሄዱ። ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ይሄ የኔ ነው?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። አሥራ አንዱ ጆንያ ከነጭራሹ እንዲወገድ ፈረሙ። ከመኪናው ባለቤት ጋር የነበረው ጉዳይ በሽማግሌ አለቀ፤ ኪሳራውን የከፈለው ባለመኪናው ነው።

የቀረው ቡና ክምር በክምር እንደገና ናሙና ወጣለት፣ ተቀመሰ፣ ንጹሕ ሆነ። ባለቤቱ ለገዢው ደውሎ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገረው። ጆንያው ከ320 ያንሳል፣ መርከቡም ያመልጠናል አለው። ገዢው ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ የቅምሻ ወረቀቶቻችንን እንድንልክለት ጠየቀ። ከሦስታችንም እጅ የወጣውን፣ ያን የ86ቱን ጨምሮ፣ ሁሉንም ላክንለት። ቡናው በሚቀጥለው መርከብ ሄደ።

መጋዘኑም አሠራሩን ቀየረ። አሁን ማንኛውም መኪና ቡና ይዞ ሲመጣ፣ ጭነቱ ሲራገፍ የመጨረሻው ረድፍ ለብቻው ይቀመጣል፤ ወለሉ ሳይታይ ከሌላው ጋር አይከመርም። ወለሉን ወጥቶ የሚያሸትተው ያ የትከሻ ጨርቁን የሰጠኝ ልጅ ነው። ባለቤቱ ለዚህ ሥራ በየመኪናው የተወሰነ ብር ቆርጦለታል። ቡና ከእኛ የሚጫንበት ባዶ መኪናም ያለ እሱ ፈቃድ በር ላይ አይጠጋም። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሰሞን ሲስቁበት ሰምቻለሁ፤ አሁን ግን ገና ግቢ ሳይገቡ ወለሉን አጥበው የሚመጡ አሉ።