ኮዱን ከፋፍላችሁ ላኩ

ዛሬ ሐዋሳ ላይ 900 መስመር የተቀየረበት ኮድ በአንድ ጊዜ ለግምገማ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራመር አንብቦ እንዲያጣራው፣ ቀረበ። የመጡት አስተያየቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ስለ ቫሪያብል ስም፣ ሌላው በኮዱ ቃላት መካከል ስላለ ክፍት ቦታ። ኮድ ሲበዛ ዓይን ይደክማል፤ ስህተቱም ሳይታይ ያልፋል።

የአይቢኤሙ ማይክል ፌገን በ1976 ያሳተመው የኮድ ፍተሻ ዘዴ የተመደበ ሚና፣ ቅድመ ዝግጅትና ስብሰባ ነበረው። አሁን በአብዛኛው ስብሰባው ቀርቷል። በ2018 ስለ ጉግል የታተመ ጥናት የአንድ ለውጥ ሚዲያን (መሃለኛ) መጠን 24 መስመር መሆኑን አሳይቷል። 24 ብቻ! ገምጋሚውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

እናም የዳታቤዝ ለውጡን ለብቻ፣ የስም ማስተካከያውን ለብቻ፣ አዲሱን ሎጂክ ከነቴስቱ (ከመፈተሻ ኮዱ ጋር) ለብቻ ላኩ። ዳታቤዙ ግን ይቅደም፤ አለበለዚያ ኮዱ ገና ያልተፈጠረ ኮለም (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ዓምድ) ይጠራና ሲስተሙ ይወድቃል።