የፈረሰው ሲኒማ ፊት ለፊት ያለች የጥርስ ሐኪም ቤት

የምተዳደርበትን ሥራ ለሰው ስናገር ብዙዎች ይስቃሉ፤ ሰዎች በፍለጋ ሳጥን ውስጥ የጻፉትን አነባለሁ። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ልወቅ ብልም አይነገረኝም። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ሪፖርት ላይ የሚታየኝ የተጻፈው ቃል፣ ገጹ በስንተኛ ተራ እንደቀረበ፣ ስንት ጊዜ ታይቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነው። መረጃው ወደኋላ 16 ወር ይሄዳል። ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፉት ቃል ለግላዊነት ሲባል ይደበቃል። የተረፈው ግን ከበቂ በላይ ነው። ሰው ሲቸኩል፣ ሲያመው፣ ሲሰለቸው ምን እንደሚጽፍ ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት አላገኘሁም።

ከደንበኞቼ መካከል አንዲት አንጋፋ የጥርስ ሐኪም አሉ። ድረ ገጻቸውን የሠራሁላቸው እኔ ስሆን፣ አድራሻውን ስጽፍ የተጠነቀቅኩትን ያህል ለራሴ ሰርግ መጥሪያ አልተጠነቀቅኩም። የአስተዳደር ክልሉ ስም፣ የመንገዱ ስም፣ የሕንፃው ቁጥር፣ ሁሉም ከንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ ተገለበጠ። ከሦስት ወር በኋላ ሪፖርቱን ስከፍት በአስተዳደሩ ስም የፈለገ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በመንገዱ ስምም እንዲሁ። በተደጋጋሚ የመጣው «የጥርስ ሐኪም» ከሚለው ቀጥሎ የአንድ ሲኒማ ቤት ስም ነበር።

ሲኒማው ከፈረሰ ቆይቷል። ቦታው ላይ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ካርታው ላይ ብፈልገው የለም፤ ሰዎቹ ግን ዛሬም ሰፈሩን የሚጠሩት በእርሱ ነው። ፊልም አይተውበት የማያውቁ ወጣቶች እንኳን ሳይቀሩ። ለሐኪሟ ደውዬ የሲኒማውን ስም ገጹ ላይ እንጻፍ ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ጥርስ እነቅላለሁ እንጂ ፊልም አላሳይም» ብለው ስልኩን ዘጉ።

እኔም ዝርዝሩን ደግሜ ደጋግሜ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቦታው ላይ ያለ ሰው የቦታውን ስም እንደማይጽፍ ነው። ከደጃፉ የቆመ ሰው «የጥርስ ሐኪም» ብሎ ይተዋል፤ ቢበዛ «በአቅራቢያዬ» ይላል። የቦታ ስም የሚጽፈው እዚያ የሌለው ነው፦ ነገ የሚሄድበት፣ እናቱን የሚያሳክምበት፣ ወይም ከሥራ ሲወጣ የሚያልፍበት። አንዳንዱ ደግሞ እዚያው ቆሞም ስልኩን ስለማያምን ይጽፈዋል። እኔ ከእነዚህ ነኝ።

ጉግል ራሱ እንደሚለው የአካባቢ ንግዶችን የሚደረድረው በዋናነት ሦስት ነገር አይቶ ነው፤ ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት። ርቀቱ የሚለካው ፈላጊው የቦታ ስም ከጻፈ ከዚያ ቦታ ነው፤ ካልጻፈ ሥርዓቱ ስለ ፈላጊው መገኛ ከሚያውቀው ተነስቶ ነው። ስለዚህ የቦታ ስም መጻፍ ማለት ችካሉን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ማለት ነው። ድሮ ይህ በግልጽ ይታይ ነበር፤ የንግድ ማውጫዎች ሁለት ሳጥን ነበራቸው፣ አንዱ «ምን?» ሌላው «የት?» የሚል። የልፕ (Yelp) የተባለውን የአሜሪካ ማውጫ የመሰሉት እስከ ዛሬም ሁለት ሳጥን አላቸው። አንዱ ሳጥን ሁለቱን ሲውጥ ግን «የት» የሚለውን ጥያቄ ማሽኑ በግምት ይመልሰው ጀመር።

ግምቱ ሲስት ምን እንደሚመስል በራሴ አይቻለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ የመነጽሬ ክንድ ተሰበረ። ያለ መነጽር ፊደል አይታየኝም፤ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ «መነጽር ጥገና በአቅራቢያዬ» ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ ላይ መገኛን የሚያሳየው አገልግሎት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሥርዓቱ የሚመራበት አንዱ ምልክት ስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት የቁጥር አድራሻ (IP) ነው፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ከተማ በኩል ስለሚወጣ፣ የቀረቡልኝ ጠጋኞች በሙሉ ረግጬው በማላውቀው ከተማ ያሉ ነበሩ። ተናድጄ የምሄድበትን ከተማ ስም ጻፍኩ። ስልክ አገኘሁ፣ ደወልኩ፣ ሰውየው በትሕትና አናገሩኝ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ» ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ከየት ነው የሚመጡት?» አሉኝ። ያ ስም ያላቸው ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ እኔ የደወልኩት ወደ ሌላኛው ነው።

እንዲህ ዓይነት መንትያ ስም ብርቅ አይደለም። ካምብሪጅ እንግሊዝም ማሳቹሴትስም አለ፤ ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ስለሆኑ «ዩኒቨርሲቲው አጠገብ» ብሎ መጨመር እንኳን አያድንም። ከሁሉም የምወዳት የካናዳዋ ለንደን ናት። በኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ ናት፤ በመካከሏ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ ቴምዝ ነው። «ቴምዝ ወንዝ ዳር ለንደን ሆቴል» ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉን ነገር በትክክል ጽፎ አሁንም የት እንዳለ አልተናገረም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የቦታ ስም በእኛ ቋንቋ ብቻውን አይቆምም፤ በ፣ ከ፣ የ፣ ለ ከፊቱ ይለጠፉበታል። ማሽኑ ስሙን ለማግኘት መጀመሪያ ቅጥያውን መቅረፍ አለበት። ይቅረፍ እንበል። «በርሊን» የሚለውን ሲያገኝ በ የተባለችውን ቢቀርፍ «ርሊን» ይቀራል። «ለንደን» ላይ ለ ን ቢያነሳ «ንደን»፣ «የመን» ላይ ደግሞ «መን»። ካልቀረፈም «በበርሊን» የሚባል አዲስ ከተማ ይወለዳል። የፊደሉን ነገር አታንሱብኝ፦ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ። አንዱ «ዋሽንግተን» ሌላው «ዋሺንግተን» ይላል። ቃሉ በትክክል ቢጻፍ እንኳን «የፓሪስ ልብስ ሰፊ» ያለው ሰው ፓሪስ ያለውን ልብስ ሰፊ ይሁን «ፓሪስ» የተባለውን ልብስ ሰፊ ቤት ይሁን የፈለገው እኔም አላውቅም።

የንግድ ባለቤቶች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ወደ ዓይናቸው የሚመጣው አንድ መላ ብቻ ነው፤ የቦታ ስም መዝራት። አንዱ ደንበኛዬ በሰፈር በሰፈሩ 40 ገጽ እንድሠራለት ጠይቆኝ ነበር፤ ጽሑፉ አንድ፣ የሚቀያየረው የሰፈሩ ስም ብቻ። ወደ አንድ መዳረሻ የሚመሩ እንዲህ ያሉ ገጾችን ጉግል የማታለያ በር አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ አልሠራም ብዬ ደንበኛውን አጣሁት። ሌሎች ደግሞ ካርታው ላይ ባለው የንግድ ስማቸው ውስጥ የከተማ ስም ይሰኩበታል። ደንቡ ግን ስሙ በደጃፍ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን ነው የሚለው። ሆቴሎች የበለጠ ብልጥ ናቸው፤ አጠገባቸው ያለው ሰፈር ስመ ጥሩ ከሆነ ድንበሩን ራሳቸው ወደ ደጃቸው ይስቡታል።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ። በሁለተኛው ስልክ ተስማማን፤ የንግድ ስማቸውን ሳንነካ፣ «እንዴት ይመጣሉ?» በሚለው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨመርን፦ «ከቀድሞው ሲኒማ ፊት ለፊት፣ አሁን የመኪና ማቆሚያ ካለበት ማዶ»፤ የሲኒማው ስም ከነሙሉው። እውነት ነው፣ ማንንም አያሳስትም ብዬ ነበር የተከራከርኩት።

በሚቀጥለው ወር ሪፖርቱን ስከፍት በሲኒማው ስም የሚመጡት ሰዎች ገጹን መክፈት ጀምረው ነበር። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ ግን አንድ ያልጠበቅኩት መስመር አገኘሁ፤ የሲኒማው ስም፣ ከዚያም «ዛሬ ማታ ምን ይታያል»። አንድ ሰው ብቻ አይደለም የጻፈው፤ ያማ ቢሆን ይደበቅ ነበር። ደውዬ ለሐኪሟ ነገርኳቸው፤ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ይምጡ» አሉኝ፤ «ወንበርስ አለኝ፤ ወደኋላ የሚንጋለል።»