የፍራንቼስካ ስኪያቮኔ ቴኒስ ለጅማ ተጫዋች

ጣሊያናዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ፍራንቼስካ ስኪያቮኔ ስትነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ 2010ሩ የሮላን ጋሮስ (የፈረንሳይ ኦፕን) ዋንጫ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይገባታል፤ ከእሷ በፊት በነጠላ ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች አንዱን) ያሸነፈች ጣሊያናዊት አልነበረችም። ጅማ ላይ ራኬት ለሚይዝ ሰው ግን በ2017 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ላይ ያገኘችው ድል ከዚያ ያላነሰ ትምህርት አለው። ቦጎታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የተጫወቱበት ሜዳ ቀይ አፈር ነው፤ ስኪያቮኔ ያኔ 36 ዓመቷ ነበር። የኛ ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኳስ በስስ አየር ውስጥ እንዴት ሜዳ ውስጥ እንደሚቀር ለማየት ከእሷ አጨዋወት የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

የተወለደችው በ1980 ሚላን ነው፤ በ1998 ፕሮፌሽናል ሆነች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ66 ስለሆነ በሰርቭ (በማስጀመሪያው ምት) ብቻ ማንንም ልትጥል አትችልም ነበር። ደጋግማ ፍጻሜ ላይ ከተሸነፈች በኋላ የመጀመሪያ ዋንጫዋን በ2007 ባድ ጋስታይን ላይ አገኘች። ጣሊያን ፌድ ካፕን (የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ውድድር) በ2006፣ በ2009 እና በ2010 ስትወስድ ከቡድኑ ጋር ነበረች። በ2018 ጨዋታ ስታቆም በነጠላ የሰበሰበችው ዋንጫ ስምንት ነበር።

በ2010 ፍጻሜ የገጠመችው ሳማንታ ስቶሱር ጀስቲን ኤናንን፣ ሴሬና ዊሊያምስንና ዬሌና ያንኮቪችን ጥላ የመጣች ናት። ከአንድ ዓመት በፊት እዚያው ሮላን ጋሮስ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ስኪያቮኔን ያሰናበተቻትም እሷው ነበረች። የስቶሱር ጉልበት ሰርቯና ፎርሃንዷ (ራኬት በያዘችበት እጅ በኩል የምትመታው ምት) ነው። ስኪያቮኔ ኳሱን ከመረቡ በላይ ከፍ አድርጋ፣ በብዙ ቶፕስፒን (ኳሱን ወደፊት በሚያሽከረክር ምት)፣ ወደ ስቶሱር ባክሃንድ (ወደ ተቃራኒው ጎን ምት) ደጋግማ ሰደደችው። ነጥሮ ትከሻ የሚደርስን ኳስ በሁለት እጅ ባክሃንድ አጥብቆ መመለስ ከባድ ነው፤ መልሱ ያጥራል። ባጠረ ቁጥር ስኪያቮኔ ወደፊት ገብታ መረብ ላይ ትጨርሰዋለች። በሁለተኛው ሰት 4 ለ 1 ተመርታ ደረሰችባት፤ ታይ ብሬኩ (ሰቱ 6 ለ 6 ሲሆን የሚለየው ጨዋታ) 2 ለ 2 ከሆነ በኋላ አምስት ነጥብ በተከታታይ ወሰደች። ውጤቱ 6 ለ 4 እና 7 ለ 6 ሆነ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እነዚህ አምስት ነጥቦች ናቸው፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሌላዋ እስክትሳሳት አልጠበቀችም።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይርቃል። ቶፕስፒን ኳስን ወደ ታች የሚጎትተውም በአየሩ አማካይነት ስለሆነ ያው ሽክርክሪት እዚህ የሚሠራው ሥራ ያነሰ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ መስመሩ ላይ የሚያርፍ ምት ጅማ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ክንዱን ያሳጥራል፤ ያኔ ሽክርክሪቱ ጭራሽ ይጠፋና ኳሱ ይብስ ይወጣል። መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ እንደ ስኪያቮኔ ራኬቱን ከኳሱ በታች አውርዶ፣ ሳይሰስቱ ወደ ላይ መጥረግ። የራኬቱን ጅማትም ከለመዱት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ጠበቅ ማድረግ ይረዳል።

ኳሱ ራሱ ግን ከምቱ በፊት መፈተሽ አለበት። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። አንደኛው ነጠራው ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ኳስ ነው፤ ሌላው ውስጡ የታመቀ አየር የሌለው፣ ከውድድሩ በፊት በዚያው ከፍታ 60 ቀን የቆየ ኳስ ነው። የያዛችሁት ምን ዓይነት እንደሆነ ካልታወቀ ከ254 ሴንቲሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ልቀቁት (መወርወር አይደለም) እና የኳሱ ግርጌ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ከ135 እስከ 147 ሴንቲሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ በዚያ ኳስ ጀማሪ ማስተማር ልጁን ፍርሃት ማስተማር ነው፤ የትኛውንም ኳስ በሙሉ ክንድ ለመምታት አይደፍርም።

ለቶፕስፒን ልምምድ ከመረቡ በላይ 1 ሜትር ላይ ገመድ ወጥሩ። መረቡ መሐል ላይ 91 ሴንቲሜትር ስለሆነ ገመዱ ከመሬት 1 ሜትር ከ90 ገደማ ይሆናል። ኳሱ ከገመዱ በላይ አልፎ በሰርቪስ መስመሩና በኋላው መስመር መካከል፣ 5 ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ቦታ ውስጥ ማረፍ አለበት። ገመዱን አልፎ ከሜዳ የሚወጣ ከሆነ ሽክርክሪት የለውም። ካለፈ በኋላ ሰርቪስ መስመሩ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ሰውነት ወደ ኋላ ተቀምጧል ማለት ነው።

የስኪያቮኔ ባክሃንድ በአንድ እጅ ነበር፤ በከፍታ ቦታ ይህ መልካምም ክፉም ነው። ኳሱ ትከሻ ላይ ሲደርስ አንድ እጅ ይደክማል። ስለዚህ ወይ ገና ሲነሣ ወደፊት ገብቶ መምታት፣ ወይ በስላይስ (ኳሱን ወደ ኋላ በሚያሽከረክር የመቁረጥ ምት) መመለስ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ታውቅበት ነበር። ስትመቱ ኳሱን ከፊት እግራችሁ ቀድማችሁ አግኙት፤ ዳሌ ጎን ከደረሰ ዘግይታችኋል። ግራ እጅ ወደ ኋላ ይቅር፤ ከቀኙ ጋር አብሮ ወደፊት ከመጣ ደረት ይከፈትና ኳሱ ወደ ጎን ይሄዳል። በስላይስ ላይ የሚበዛው ስሕተት እንደ ገጀራ ቁልቁል መቁረጥ ነው። ራኬቱ ከትከሻ በላይ ይጀምር እንጂ ጉዞው ወደ ዒላማው ይሁን።

ስለ ሜዳው አንድ ነገር ልበል። የሮላን ጋሮስ ቀይ መልክ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ የተፈጨ ጡብ ነው፤ ከሥሩ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር አለ። የጅማ ቀይ አፈር መልኩ ቢመሳሰልም ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ይሆናል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጠንካራ መደብ ላይ በስሱ የተነሰነሰ የተነፋ የጡብ ዱቄት ከሌለ መንሸራተት አትሞክሩ፣ ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ስኪያቮኔ የምትንሸራተተው ከመምታቷ በፊት ነበር፤ ከመቱ በኋላ የሚንሸራተቱ ከሆነ ለቀጣዩ ኳስ መመለሻ ጊዜ የለም።

ይህ አጨዋወት እግር ይጠይቃል። በ2011 በአውስትራሊያ ኦፕን ስቬትላና ኩዝኔትሶቫን 6 ለ 4፣ 1 ለ 6፣ 16 ለ 14 ስታሸንፍ 4 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ፈጅቷል፤ በግራንድ ስላም የሴቶች ጨዋታ እስካሁን በሰዓት የሚበልጠው የለም። የኩዝኔትሶቫን ስድስት የማሸነፊያ ነጥብ አምክናለች። ከዚያ ውድድር በኋላ የዓለም 4ኛ ሆነች።

መሸነፊያውም አለ። በዚያው ዓመት በሮላን ጋሮስ ፍጻሜ ሊ ና 6 ለ 4 እና 7 ለ 6 ረታቻት፤ ታይ ብሬኩ 7 ለ 0 ነበር። ሊ ና ኳሱ ትከሻዋ እስኪደርስ አትጠብቅም፤ ሲነሣ ቀድማ በጠፍጣፋው ትመታዋለች። እንዲህ ዓይነት ተጋጣሚ ሲገጥማችሁ ኳሱን ከፍ ማድረግ ብቻውን አያድንም፤ ያጠረ ቶፕስፒን ለእሱ ስጦታ ነው። ከኋላው መስመር 2 ሜትር ወደ ውስጥ በኖራ መስመር አስምሩና ከዚያ አልፎ ያላረፈውን ኳስ ሁሉ እንደጠፋ ነጥብ ቁጠሩት።