ሻንጣው ሲሞላ ፖይንቱም ይሙላ

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ወጪው የሚጀምረው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ነው። ለእናት ምቹ ጫማ፣ ለአባት የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእህት ልጆች ልብስና ቦርሳ ይገዛል። ባዶ እጅ መሄድ የሚባል ነገር የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚነሳ መንገደኛ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል። ሐበሻ ደግሞ ከዚያ ላይ አንዲት ኪሎ አያባክንም።

እኔም ይህ ወጪ እንደማይቀር ሳውቅ፣ ቢያንስ ትኬቱን ያግዘኝ ብዬ ተነሳሁ። ያገዘኝ የኦንላይን ግዢ ፖርታል ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሱቆች ደንበኛ ላመጣላቸው ድረ ገጽ ኮሚሽን ይከፍላሉ። ፖርታሉ ከዚያ ኮሚሽን ላይ ቆንጥሮ ለገዢው ይሰጣል፤ ወይ በብር፣ ወይ ተጠራቅሞ ወደ አውሮፕላን ትኬት በሚቀየር ፖይንት። በቃ፣ ከሻጩ ያገኘውን የሚያካፍል ደላላ በሉት። ሱቁ ያው ሱቅ ነው፣ ዋጋውም ያው። ልዩነቱ በቀጥታ ወደ ሱቁ ገጽ ከመሄድ ይልቅ መጀመሪያ ፖርታሉን ከፍቶ በእሱ ሊንክ መግባት ነው። በዚያ ላይ የምትከፍሉበት ክሬዲት ካርድ ራሱ የሚሰጠው ፖይንት አይቀርም። እንበልና ሱቁ በፖርታሉ በኩል ለአንድ ዶላር 6 ፖይንት እየሰጠ ነው። የ150 ዶላር ጫማ ከገዛችሁ 900 ከፖርታሉ፣ ቢያንስ 150 ደግሞ ከካርዱ ይመጣል።

ይህንን ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ አንዲት እትዬ ሳስረዳ፣ «አንተ ልጅ፣ ነፃ ብር የሚባል ነገር የለም፤ የሆነ ቦታ እየበሉህ ነው» አሉኝ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ፖርታሉ ምን እንደምትገዙ ያውቃል፣ ኢሜይል ያዥጎደጉዳል፣ «ዛሬ ብቻ 15 እጥፍ» እያለ ያልታሰበ ነገር ሊያስገዛችሁ ይሞክራል። እኔ የምገዛውን አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ 15 እጥፍ ቢሆንም አያገባኝም።

ፖርታል ብዙ ነው። ዩናይትድ አየር መንገድ የራሱ አለው፣ ሌሎች አየር መንገዶችም እንደዚያው። እኔ የያዝኩት ራኩተንን ነው፤ ድሮ ኢቤትስ ይባል የነበረው። ራኩተን በተለምዶ የሚሰጠው ጥሬ ብር ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ፖይንት የሚሰበስብ ካርድ ያለው ሰው ግን አካውንቱን አገናኝቶ በብሩ ፋንታ ፖይንት መቀበል ይችላል፤ ለአንድ ሳንቲም አንድ ፖይንት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ክፍያውን የግድ በዚያው ካርድ መፈጸም አያስፈልግም። በሌላ ካርድ ብትከፍሉም የፖርታሉ ፖይንት ይገባል። የትኛው ፖርታል ለየትኛው ሱቅ ዛሬ ስንት እንደሚሰጥ ለማየት ደግሞ ካሽባክ ሞኒተር የሚባል ገጽ አለ፤ የሱቁን ስም ማስገባት ብቻ ነው። ቁጥሩ በየቀኑ ይለዋወጣል። «እስከ 10» የሚል ካያችሁ «እስከ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ አሥሩ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ፖርታሉ እናንተን የሚያውቃችሁ ብራውዘራችሁ ላይ በምትቀመጥ ኩኪ በምትባል ትንሽ ፋይል ነው። ያቺ ኩኪ ከጠፋች ፖይንቱም የለም። አንድ ጊዜ ሻንጣ አዘዝኩና ከሳምንታት በኋላም ፖርታሉ ላይ ምንም አልታየም። ደግነቱ የገባሁበትን ሰዓት የሚያሳየው ገጽ ስክሪንሹት ነበረኝ። የኦርደር ቁጥሩንና የማረጋገጫ ኢሜይሉን አያይዤ ጻፍኩላቸው። «ታገሥ» አሉ፣ ታገሥኩ። እንደገና ጻፍኩ፣ በመጨረሻ ገባልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ብራውዘር ለዚሁ ሥራ ብቻ ለይቻለሁ። ማስታወቂያ የሚያግድም ሆነ ኩፖን የሚፈልግ ፕሮግራም የለበትም። በተለይ የኩፖኑ ፕሮግራም «ቅናሽ አገኘሁልህ» ብሎ ብቅ ሲል ኮሚሽኑን ለራሱ ሊወስድ ይችላል። ስልክ ላይ ደግሞ ሊንኩ ወደ ሱቁ አፕ ዘሎ ከገባ ነገሩ ሊበላሽ ስለሚችል በኮምፒውተር እገዛለሁ። ቅርጫቱንም ባዶ አድርጌ ነው የምጀምረው።

የተመለሰ ዕቃ ፖይንቱ ይነሳል። ታክስና ማጓጓዣ አይቆጠርም። የስጦታ ካርድ ብዙ ጊዜ አይካተትም።

የጊዜው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ራኩተን የሚከፍለው በዓመት አራት ጊዜ ነው። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የተገዛው የሚገባው ፌብሩዋሪ 15 ነው። ስለዚህ በብላክ ፍራይዴይ ለገና የገዛችሁት ዕቃ ለገናው ትኬት አይደርስም፤ ለክረምቱ እንጂ። የሁሉም ነገር መሠረት ደግሞ የካርዱን ሂሳብ በየወሩ ጨርሶ መክፈል ነው። የብዙ ካርድ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ዕዳ ለሚያሳድር ሰው የትኛውም ፖይንት አያካክስም። ዕዳ ካለባችሁ ይህን ነገር እርሱት፣ መጀመሪያ እሱን ዝጉ።

ፖይንቱን ወደ ትኬት መቀየር ሌላ ሥራ ነው። የአሜሪካን ኤክስፕረስም ሆነ የቼዝ ባንክ ካርድ ፖይንት ወደ ሼባ ማይልስ፣ ማለትም ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የማይል ፕሮግራም፣ በቀጥታ አይዛወርም። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ የሌላ አባል ማይል የእሱን ወንበር ይገዛል። እኔ የምጠቀመው «ኤሮፕላን» የሚባለውን የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ነው። ሁለቱም የካርድ ፖይንቶች ወደዚያ አንድ ለአንድ ይሄዳሉ። ቼዝ ከሆነ ዩናይትድም ይሆናል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አንዴ የተዛወረ ፖይንት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሮፕላን ላይ ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ ወንበር መኖሩን አያለሁ፣ ከዚያ ነው የማዛውረው። በክረምትና በገና ሰሞን በማይል የሚለቀቅ ወንበር እንደ ልብ አይገኝም። ቀን መቀየር የሚችል ሰው፣ በተለይ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የሌለው፣ ይጠቀማል። ኤሮፕላን የነዳጅ ጭማሪ አያስከፍልም፤ ታክሱንና 39 የካናዳ ዶላር የማስያዣ ክፍያ ብቻ ነው ከኪስ የሚወጣው። እትዬም ይህን ቁጥር ካዩ በኋላ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ ያጠፋሁላቸው የኩፖኑን ፕሮግራም ነው።