ስኳሬን ሳልለካ ጥርሴን አስነቀልኩ

ይህን የምጽፈው ድዱ እየደማ «ብሩሽ ቀይር» ተብሎ የተመለሰ ሰው እንዲያነበው ነው።

መጀመሪያ አፌ ደረቀ። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለውኃ እነሳለሁ፣ ለሽንትም እንደዚያው። ቀበቶዬ ሰፋኝ። ከዚያ ድዴ አበጠ፤ መፋቂያዬ ደም ይነካው ጀመር። ከሐይቅ በሚኒባስ ደሴ ሄድኩ። ካርድ ወዲያው ወጣልኝ።

የጥርስ ባለሙያው አፌን አየና «ጫት ትቅማለህ?» አለኝ። አልቅምም አልኩት። አላመነኝም። የወሎ ሰው አፉ ከደረቀ በቃ፣ ጫት ነው! የታች መንጋጋዬን ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ አይተርፍም» አለና ነቀለው። ስለ ጥማቴም ስለ ክብደቴም አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስለ ሽንት ምን ይወራል ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁስሉ አልሽር አለ። በሳምንቱ መግል ያዘ። ተመልሼ ስሄድ አሞክሳሲሊን ጻፈልኝ፣ «ጎኑ ያለውም ላልቷል» ብሎ እሱንም ነቀለው። ጥርስ ያለ ምክንያት ይላላል እንዴ? ያ ጥያቄ ለእሱም ለእኔም አልመጣልንም። ሁለተኛው ቁስል ከፊተኛው ባሰ። ጉንጬ አብጦ አጥሚት ብቻ ስጠጣ ከረምኩ። ምላሴ ላይ ሲፍቁት የሚለቅ ነጭ ነገር ወጣ።

ጤና ጣቢያ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ምላሴን አይታ ደነገጠች። «ፈንገስ ነው። ወንድሜ፣ ስኳርህን ዛሬውኑ ተለካ» አለችኝ። ጣቴን ወጉኝ፤ ስኳሬ 318 ሚሊግራም በዴሲሊትር።

ስኳር ሲበዛ ሰውነት ተህዋስን የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ ድድ ይታመማል፣ ቁስል ይዘገያል። የታመመ ድድ ደግሞ መልሶ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። ይህን ያወቅሁት ሁለት ጥርስ ካጣሁ በኋላ ነው።

ስኳር ልትለኩ ሄዳችሁ «ቁርስ በልተሃል፣ ነገ በባዶ ሆድ ና» ካሏችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ። በባዶ ሆድ ሲለካ ስኳር በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ነው። ግን እንደ እኔ ጥማትና ሽንት ለበዛበት ሰው፣ በልቶም ቢሆን 200 ከሞላ ስኳር ነው። የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራም ጾም አይፈልግም። ጥርስ ነቃዩ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት፣ ስለ ሽንትም ጭምር።

መድኃኒት ጀመርኩ። ሌላ ቦታ ድዴን አሳጠብኩ። ከላይ አንድ የሚነቃነቅ ጥርስ ነበረኝ፣ ሊነቀል ቀን ተቆርጦለት የነበረ። ዛሬ ቆሎ እበላበታለሁ።