ሀምቡርግ ላይ የወጣልኝ የደሴ ለቅሶ

ደሴ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ሰው ግን አሁንም ለቅሶ ሊደርሰኝ ይመጣል። ቀብሯ ላይ አልነበርኩማ። ያኔ ሀምቡርግ ነበርኩ፣ ወረቀቴ አላለቀም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። መርዶውንም በወጉ አልተረዳሁም። እዚህ ቢሆን ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፤ እኔ ግን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ ስልኬን ስከፍት ፎቶዋን ከሻማ ጋር ተለጥፎ አየሁት። በቃ። ፈረቃዬን ጨርሼ ወደ ቤት ሄድኩ።

እንባ እምቢ አለኝ። ወራት አለፉ። ጀርመኖች ኅዳር ላይ ሙታናቸውን የሚያስቡበት እሁድ አላቸው፤ ለዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትኬት ሰጠችኝ። ቀን ከኔ ጋር ካርቶን ትደረድራለች፣ ማታ ከመዘምራን ጋር ትለማመዳለች። የሚያቀርቡት የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የብራምስን «የጀርመን ሬኪዬም» ነው፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር። እውነቱን ለመናገር ክላሲካል እንቅልፌን ነው የሚያመጣው። የሄድኩት እንዳይከፋት ብዬ ነው።

ሬኪዬም የነሱ ፍትሐት በሉት። ብራምስ ግን የላቲኑን ጸሎት ትቶ ሉተር ወደ ጀርመንኛ ከተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ጥቅስ መረጠ። ሲጀምርም ለሟች አይለምንም፣ ያዘኑትን ያጽናናል። በመጀመሪያው ክፍል ቫዮሊኖቹ ዝም ይላሉ። ተጫዋቾቹ ጭናቸው ላይ አጋድመዋቸው ቁጭ ብለዋል፤ የሚሰማው ከሥር የሚመጣው ወፍራም ድምፅ ነው። በሁለተኛው፣ ሥጋ ሁሉ እንደ ሣር ነው ሲሉ፣ ከኋላ ያለው ከበሮ ደረቴን መታው። እንቅልፉ እዚያ ጠፋ።

ጉዴ የፈላው አምስተኛው ላይ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ታዜማለች፤ መዘምራኑ ከሥሯ በቀስታ፣ እናት ልጇን እንደምታጽናና አጽናናችኋለሁ ይላሉ። ልክ ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ሴቶቹ እንደሚቀበሏት። የብራምስ እናት እ.ኤ.አ. በ1865 ስትታመም እሱ ቪየና ነበር፤ ወደ ሀምቡርግ ቢሮጥም በሕይወት አልደረሰባትም። ይቺን ክፍል የጨመራት ሥራው በ1868 ብሬመን ላይ ከቀረበ በኋላ ነው። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይህን አንብቤ ነበርና አልቻልኩም። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ማንም ዞር አላለም። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ብቻ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ ሶፍት አቀበሉኝ።

ትናንት ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን አወራሁላቸው። የእናቴ ቡና አጣጭ ናቸው። እሳቸው እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን፤ ወሎ ላይ ይሄ ወሬም አይሆን። ስመጣ በር ላይ አቅፈው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። (ጀርመኖቹ ይህችኑ ለማለት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸዋል።)

ስልኬን ጆሯቸው ላይ አድርጌ አምስተኛውን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ማን ሞቶባት ነው?»

«ማንም። ሥራዋ ነው።»

«አልቃሽ ናታ! ስትጨርስ ቡና አጠጧት?»

«አበባ ሰጧት።»

«አበባ!» አሉና በረካውን ቀዱልኝ።