የአባቴን ቢላ ግራይንደር ቤት ከመውሰዴ በፊት ማን በነገረኝ

አባቴ ሲያርፍ ከቤቱ ዕቃ ለራሴ የለመንኩት አንድ ቢላ ብቻ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው ወይራ፣ ጀርባው ወፈር ብሎ ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚወርድ። በሰፈራችን ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ሲታረድ ብልት የሚያወጣው፣ በየመደቡ የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። በመሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ሲኒ ገልብጦ ቂጡ ላይ ወዲህ ወዲያ ያደርገዋል፤ ሌላ መሳያ ሲፈልግ አይቼው አላውቅም። እኔ ያንን ቢላ በሩብ ሰዓት አበላሸሁት። የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ከዚያ በፊት ቢላ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የአባቴን ለበዓል ላስቀምጥ ብዬ ለየዕለቱ ሥራ የሚያብረቀርቅ ቢላ ገዝቻለሁ። ላዩ ላይ "ስቴንለስ" ይላል፣ ማሸጊያው "መሳል አያስፈልገውም" ይላል። የአንድ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሳልጨርስ ደነዘ። ዶሮዋን 12 ብልት ሳወጣ ደግሞ እጀታው ተነቃነቀ። ፈትቼ ሳየው፣ እጀታው ውስጥ የገባው የብረቱ ጭራ የትንሽ ጣቴን ግማሽ አያክልም። መሳል አያስፈልገውም የተባለ ቢላ ካያችሁ መልሱት። መሳል የማያስፈልገው ብረት እስካሁን አልተሠራም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ነበር። የአባቴ ቢላ ፈዘዝ ብሏል። ቤት ቁጭ ብዬ ድንጋይ ላይ ግማሽ ሰዓት መሥራት ሲገባኝ፣ በር የሚበይዱና ቢላ የሚስሉ ልጆች ጋ ወስጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጁ ግራይንደሩን አስነሥቶ ስለቱን ደገፍ አደረገበት። ብልጭታው እንደ ችቦ ተበተነ። ደስ አለኝ፤ ብረቱ ምን ያህል ጠንካራ ቢሆን ነው ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ስለቱ ጠርዝ ላይ ቀለም መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ላይ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ የተሰመረ ሰማያዊ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ቀለም ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል" አለና ውሃ ውስጥ ነከረው። ጭስስ አለ። ክንዱ ላይ ፀጉር ላጭቶ አሳየኝ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ ሻኛው ላይ ጥሩ ቆረጠ። ሽንጡ ላይ ቀዘቀዘ። ጎድኑ ጋ ስደርስ ሥጋውን መቁረጥ ትቶ መጎተት ጀመረ። እንደ አባቴ ሲኒ ገልብጬ ሳልኩት፤ አምስት ደቂቃ ሠራና እንደገና ሞተ። ደጋገምኩት። መደብ የሚጠብቀው ሰው ዙሪያዬን ቆሟል። የአባቴ ወዳጅ የነበሩ ጋሼ ቢላውን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ስለቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። "ልጄ፣ አቃጥለኸዋል" አሉኝ። የራሳቸውን ቢላ አቀበሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከበዓሉ በኋላ ምናለሽ ተራ አንድ ቀጥቃጭ ጋ ስሄድ ነው። ባሌስትራ ውስጥ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለ። ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር በጣም ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና 200 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ ያኔ ጥንካሬውን ሳይለቅ መሰበሩን ይተዋል። የገለባው ቢጫ የሚወጣው እዚያ አካባቢ ነው። ሰማያዊው 300 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እዚያ የደረሰ ስለት ለስልሷል። ለባሌስትራነት ይበቃል፣ ለቢላነት አይበቃም። ጠርዙ ስስ ስለሆነ እዚያ ሙቀት ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል። ቀለሙ ከወጣ በኋላ ውሃ ውስጥ መንከር ምንም አይመልስም። የላጨው ፀጉርም አታለለኝ፤ ለስላሳ ብረትም አዲስ ሲሳል ፀጉር ይላጫል፣ ስለቱን ይዞ ግን አይቆይም።

ልጁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚያ ሥራ የሚያድር ሰው ያ ቀለም ምን እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል፤ በየሁለት ሰከንዱ እያነሣ ውሃ ቢያስነካው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም። በራሴ የምናደደው ግን ይበልጣል። አባቴ በሕይወቱ ግራይንደር አስነክቶት አያውቅም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስመለከት ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቢላ ሳይ የማየው ሌላ ነው። ብዙ ሰው "ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም፣ ተጭበረበርክ" ይላል። ለቢላ ተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ሊጠነክር የሚችለው የቢላ ስቴንለስ ማግኔት ይይዘዋል፣ ማግኔት ጨርሶ የማይነካው እንደ ድስትና ማንኪያ ብረት ስለት አያወጣም። ትንሽ ሞረድ ይዤ እሄዳለሁ፤ እጀታው ሥር ስለቱን በቀስታ አስነካዋለሁ። ሞረዱ ቢንሸራተት ወይም በጭንቅ ቢይዝ ጥሩ ነው፣ እንደ ሳሙና ከበላው አስቀምጬው እሄዳለሁ። ነጋዴው ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ስለ እጀታ ግን አጥባቂ አይደለሁም። "የብረቱ ጭራ እጀታው መጨረሻ ካልደረሰ ቢላ አይደለም" የሚሉ አሉ። እህቴ ከስቶክሆልም ሞራ የሚባለውን የስዊድን ቢላ አምጥታልኛለች (በሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ እንዳታስቡት)። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም፣ እንጨት ስጠርብበት ግን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ልክ ተደርጎ ከተሰካ ርዝመቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሽንኩርት ላይ ግን አልወደውም፤ ስለ እንጨት ታስቦ የተሳለ ስለቱ ሽንኩርቱን ከመክተፍ ይልቅ ይሰነጥቀዋል። ኩሽናዬ ውስጥ ስስ ነው የምፈልገው።

የእንጨት እጀታ ለንጽሕና አይመችም ይባላል። ለምግብ ቤት እስማማለሁ። ቤት ውስጥ ግን ዘፍዝፋችሁ ካላሳደራችሁት ወይራ ቅባት በነካው እጅ አያዳልጥም፣ ፕላስቲኩ ያዳልጣል። ስቴንለስ ያልሆነው ብረት ደግሞ በሎሚና በሽንኩርት ይጠቁራል። ግራጫው ዝገት አይደለም፣ ፍቃችሁ አታንሡት። ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ፣ ዘይት ይንካ፤ ይኸው ነው። ስትስሉ ማዕዘኑ ከጠፋችሁ የወረቀት ጥግ አንዴ እጠፉት፣ ደግማችሁ እጠፉት፤ 22 ዲግሪ ተኩል ታገኛላችሁ። ቢላውን በዚያ ልክ አጋድማችሁ እርጥብ ድንጋይ ላይ ግፉት።

የአባቴን ቢላ ቀጥቃጩ እንደገና ላግለው ብለውኝ ነበር፤ ሊሰነጠቅ እንደሚችልም አልደበቁኝም። እንቢ አልኩ። ሰማያዊው እስኪያልቅ በእጄ፣ በድንጋይና በውሃ፣ ዘጠኝ ምሽት ፈገፈግኩት። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ሞረዱን አስነካሁት፤ ተንሸራተተ። በሚቀጥለው ፋሲካ ከሻኛው እስከ ጎድኑ ድረስ በአንድ ሲኒ ጨረስኩበት። ያ 3 ሚሊ ሜትር ግን አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ስሎ ያልጨረሰው ብረት ነበር።